በስልክ አይነገርም

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

በዓሉ ሁሉ አለፈና ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ደስ አለኝ። በበዓሉ ሳምንት ቤቴ ውስጥ ድምፅ የነበረው ፍሪጁ ብቻ ነው። ልጄ ኤያል ለዳስ በዓል፣ ለሱኮት፣ እመጣለሁ ብሎ አልመጣም፤ ሥራ በዝቶበት ነው። ቴል አቪቭ እኮ ሩቅ አይደለም፤ ባቡር አለ። ግን ሥራ ሥራ ነው።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ልጄ ቢያገኘው እንኳ እንዳያነበው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው እሱም ከፋኝ።

አስተማሪዋ ኦሸራት አዲስ ነገር አምጥታለች። ለስግድ በዓል ሰሞን የአምስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ መድረክ ላይ እየወጡ አያቶቻቸውን ሆነው ይናገራሉ። «አያቴ እንዲህ አደረገች» ሳይሆን «እኔ እንዲህ አደረግሁ» እያሉ፣ ከየት ተነስተው በየት እንደመጡ። የሞሮኮው የሞሮኮን፣ የሩሲያው የሩሲያን፣ የእኛዎቹም የእኛን። ሜጋሼሬት ነኝና፣ በቤተሰቡና በትምህርት ቤቱ መካከል የምመላለሰው እኔ ነኝና፣ የእኛዎቹን ማለማመድ እኔ ላይ ወደቀ።

አራቱ ልጆች የሱዳን መንገድ አላቸው፤ አያቶቻቸው በእግር በረሃውን አቋርጠው ነው የመጡት። አምስተኛዋ ሺረል ናት፣ እዚሁ ሺምሾን ሰፈር የሚኖሩት የማንያዘዋልና የፍቅርተ ልጅ። እነሱ ከጎንደር በቅርብ ዓመት በአውሮፕላን የመጡ ናቸው። «ለሷ ምን እናድርግላት? በረሃ እኮ የላትም» አለችኝ ኦሸራት። ሳቅሁ። እውነቱን ልጻፍና እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት ምኑ ነው መንገድ?

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ሺረልን ሚክላት ውስጥ አነጋገርኳት። ከጦርነቱ ወዲህ መጠለያው ባዶ ክፍል ስለሆነ ልምምዳችን እዚያ ነው።

«ማንን ትሆኛለሽ?»

«ሳቭታ ልዕልትን።»

«አያትሽ እኮ አልመጡም። ጎንደር ናቸው።»

«ናኾን» አለች፣ ልክ ነሽ ማለቷ ነው። «ያልመጣች ሳቭታ ናት። እኔ እሷን ነኝ።»

እማማ ልዕልት የፍቅርተ እናት ናቸው። ቤተሰቡ ሲመጣ የሳቸው ፈቃድ አልወጣም፤ «በሚቀጥለው ይመጣሉ» ተባለ፤ የሚቀጥለው እስካሁን አልመጣም። ፍቅርተ ለአውሮፕላኑ ብላ ጥቁር ጫማ ልካላቸው ነበር። አሮጊቷ አንድ ቀን ውጭ አድርገውት አያውቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይለማመዱታል። በቪዲዮ ሲደዋወሉ እግራቸውን አንስተው ሶሉን ያሳያሉ፦ «እዩት፣ አፈር አልነካውም። መጀመሪያ የሚነካው ኢየሩሳሌምን ነው።»

ሺረል ይህን እየሳቀች ነገረችኝና ድንገት ኮስተር አለች። «ከሱዳን ያንሳል?»

«የተለየ ነው» አልኳት። ዲፕሎማት ሆኛለሁ።

ኦክቶበር 26፣ እሑድ

ማንያዘዋል ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠራኝ። የሥራ ልብሱን አላወለቀም። አየት አደረገኝና አንገቱን ደፋ።

«እትዬ ዘነበች፣ እናቷ ሞቱ።»

«የማን እናት?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«የፍቅርተ። ወንድሟ ዋሴ ነው የነገረኝ። መጋዘን ውስጥ ሣጥን ተሸክሜ ሳለ ደወለ። ቀብረዋቸዋል። እትዬ፣ መርዶ በስልክ ይነገራል?»

«አይነገርም።»

«ነገረኝ እኮ። ሣጥኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።»

ፍቅርተ ስምንተኛ ወሯ ውስጥ ናት። አምና አንድ ጽንስ ወርዶባታል። ጋሼ አለምነው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ቆርጠው ተናግረዋል፦ ወልዳ በሰላም እስክትነሳ ትንፍሽ እንዳይባል። ከዚያ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ሄደን፣ ግራ ቀኝ ደግፈን እናረዳታለን። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን እንዳይሰማ። እስከዚያ «የጎንደር ኔትዎርክ ጠፍቷል» ይባላል። ሁልጊዜም ስለሚጠፋ ውሸት አይመስልም።

የምናውቀው ማንያዘዋል፣ ጋሼ አለምነውና እኔ ነን። «ልጅቷን አደራ፣ ከሷ አፍ እንዳይወጣ እሷም እንዳትሰማ» አለኝ። እሺ አልኩ። ልጅቷ ነገ አያቷን ሆና እፊቴ እንደምትቆም ትዝ ያለኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

ልምምድ። ነጠላ ተከናንባ መጣች። «እኔ ልዕልት ነኝ። ጎንደር ነኝ። እየጠበቅሁ ነው።»

ጎበዝ ናት። በጣም ጎበዝ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አልኳት። ምን ሆኜ ነው። ሟች «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ይባላል? ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ኦክቶበር 29፣ ረቡዕ

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዛሬ ሺረልን «የኔን ታሪክ ልስጥሽ» አልኳት። ሱዳን አለው፣ በረሃ አለው፣ በጨረቃ መሄድ አለው፤ ኦሸራትም ደስ ይላታል። ይህን ያደረግሁት ልጅቷን የሟች ቃል ከመናገር ላወጣት ብዬ ነው። ለዚህ ብቻ ነው።

«ያንቺን ለምን የራስሽ ልጅ አይናገረውም?» አለችኝ።

«ትልቅ ሰው ነው። ጠይቆኝም አያውቅ።»

«ቤሴደር፣ እሺ፣ እኔ እጠይቅሻለሁ» ብላ እርሳሷን አወጣች።

ስንት ዓመት ሰው እንዲህ እርሳስ አውጥቶ አላየኝም።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ሳስበው የዋልኩትን ልጻፈው፤ እንቅልፍ አልመጣ ብሏል።

ለሺረል ከመንደራችን መውጣታችንን ነገርኳት፣ የመንገዱን ጥማት፣ የሱዳኑን ካምፕ። ጥያቄዋ አያልቅም። ምን ለብሰሽ ነበር? አህያው ስም ነበረው? ማታ ሽንት ሲመጣ ምን ታደርጊ ነበር? ለኤያል በልጅነቱ ልነግረው ስጀምር «ኢማ፣ ሎ አኽሻቭ» ይለኝ ነበር፤ አሁን አይደለም። ያኔ ልጅ ነበር፣ ኳስ ነበረበት። ከዚያ ወታደር ሆነ። ከዚያ ሥራ ያዘ። አሁን የሚባለው መቼም አልደረሰም።

ከዚያ ልጅቷ «አባትሽ የት ሞተ?» አለችኝ።

በካምፑ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ስለነበር ወጉ ሁሉ ፈርሶ ነበር። አባቴ ይፍሩ ታሞ ወደ በሽተኞቹ ድንኳን ተወስዷል። እናቴ በትኩሳት ተኝታለች። እኔ ጀሪካን ይዤ የውሃ ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ የቆመች የሌላ አገር ሴት «አንቺ የይፍሩ ልጅ አይደለሽም? እግዜር ያጥናሽ» አለችኝ። በቃ። ወረፋዬን አልለቀቅኩም፤ ብለቀው እናቴ ውሃ አታገኝም። ጀሪካኑን ሞልቼ ተሸክሜ ተመለስኩ።

እናትሽ እስክትድን ደብቂ አሉኝ፤ ደበቅኩ። እሷ ስትድን ሴቶች በጠዋት ተሰብስበው አረዷት። ደግፈው ያዟት፣ አብረዋት አለቀሱ። እኔን ግን ማንም አላረዳኝም። ቀድማ የሰማችን ልጅ ማን ያረዳል? ጭራሽ ውሃ የማቀርበው እኔ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መንገር ነበረብኝ? አልነበረብኝም። አፌ ዛሬ ጎታ ሆኖ ተከፈተ። ስትሄድ አቀፈችኝ። ለኤያል ደወልኩለት፤ ስብሰባ ላይ ነው።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

ፍቅርተ ቤት ሄድኩ። ሳላንኳኳ ነው የገባሁት፣ በሩ ክፍት ነበር። ወለል ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። «ወገቤን ነው» አለችኝ። ትራስ ከጀርባዋ አስገባሁላት። በዚህ ሙቀት ጥቁር ሻሽ ግጥም አድርጋ አስራለች። እርጉዝ ሴት ራሷን ብርድ ብርድ ይላታል፤ እኔም ኤያልን ሳረግዝ እንደዚያ ነበርኩ። ስልኳ ፍሪጁ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከእጇ የማትለየው ሴት! ድካም ነው።

ሥጋ አልበላም ስላለች ሽሮ ልሠራላት ተነሳሁ። ከኋላዬ ቀስ ብላ፦

«እትዬ ዘነበች፣ ልጄ የራሷ አያት እያለቻት የሌላ ሰው ታሪክ ለምን ትናገራለች?»

ማማሰያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ኦሸራት በረሃ ያለበት ይሻላል ብላ...»

«እኛ በአውሮፕላን ስለመጣን መንገድ የለንም? እናቴ ልጆቿን አንድ በአንድ ሸኝታ ባዶ ቤት ቁጭ አለች። ሳይንቀሳቀሱ የሚሄዱት መንገድ ስንት ነው የሚርቀው፣ እስቲ ይንገሩኝ? ሱዳኖች ይህ አይገባችሁም።»

ሱዳኖች አለችኝ። ይገባኛል። እውነቷን ነው፤ እኔም «አዲሶቹ» ስል ኖሬያለሁ። እንዲያ ስትናገር እናቷን በሕይወት እንዳሉ አድርጋ ነው። ሽሮው እርር አለ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ሺረልን ወደ አያቷ መለስኳት። ሌላ ምን ላድርግ። የኔን ታሪክ የጻፈችበትን ወረቀት «ለኢማ አነበብኩላት፣ አለቀሰች» ብላ አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችው።

ኦሸራት ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣች። መጨረሻው ያሳዝናል፣ ተስፋ እንስጠው፤ አያቷ በመጨረሻ ከአውሮፕላን ይውረዱ። ሺረል በደስታ ዘለለች።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን?»

ለምን እንደማይሆን ልነግራት አልችልም። «እውነት አይደለማ» አልኩ። ኦሸራት እንደ ክፉ አሮጊት አየችኝ። «ዘነበች፣ ቲያትር እኮ ነው። ለልጅቷ አታስቢላትም?»

ማታ ፍቅርተ ትከለክላለች ብዬ ነገርኳት። «ይተዉዋት» አለችኝ። «እዚያ እንኳ ትምጣ።»

ነፍሰ ጡር ሆዷ ቶሎ ይባባል።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ማንያዘዋል እያለከለከ መጣ። ፍቅርተ ካልሄድኩ ብላለች። ጋሼ አለምነው «ያዛት፣ እቤት አስቀራት» ይላሉ። እሱ ደግሞ «እርስዎ ያውቋታል፣ እንዴት ብዬ?» ይላል። ሰው መሀል የእናቷን ስም ስትሰማ ሆዷ ቢባባ፣ ብትደነግጥ፣ ምጥ ቢይዛት። ሌላም ሰው ወሬውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ እዚያው «እግዜር ያጥናሽ» ቢላትስ? የውሃ ወረፋው ትዝ አለኝ።

«አጠገቧ እኔ እቀመጣለሁ፤ ማንንም አላስጠጋም» አልኩት።

ኤያል ደወለ! ማክሰኞ ይመጣል። በባቡር። ሺረል የምትናገረውን ሊሰማ ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ የኔን ታሪክ ነው ብዬው ነበርና። መቀየሩን አልነገርኩትም። ከመጣ በኋላ እነግረዋለሁ።

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ዶሮ ገዛሁ። አንሶላ ቀየርኩ። የመጨረሻ ልምምድ፤ ሺረል ለጫማው የእናቷን ጥቁር ጫማ ይዛ መጣች። ሶሉን በጨርቅ ስትወለውል አየኋት። ልብ የሚሰብር ነገር በየቦታው ይተክላሉ፣ ልጆች።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

አዳራሹ ሞልቷል። ጥግ ይዤ ፍቅርተን በግድግዳው በኩል አስቀመጥኳት፤ እኔ እንደ አጥር አጠገቧ። በሌላው ጎኔ ያለውን ወንበር በቦርሳዬ ለኤያል ያዝኩለት።

የሞሮኮው ልጅ ጢም ለጥፎ ወጣ፣ ጢሙ ወደቀ፣ ሰው ሳቀ። የእኛዎቹ አራቱ በየተራ በረሃውን ተሻገሩ። ስልኬ ብልጭ አለ፦ ኢማ፣ ከሥራ መውጣት አልቻልኩም፣ ይቅርታ፣ በሚቀጥለው። ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ ተውኩት። ባነሳው ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

ሺረል ወጣች። ነጠላዋን አጣፋች፣ እግሮቿ በእናቷ ጫማ ውስጥ ይዋኛሉ።

«እኔ ልዕልት ነኝ። የእኔ መንገድ ከአልጋዬ እስከ በሩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄደዋለሁ።»

እኔ የማየው ፍቅርተን ነው። እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ የሚዞር፣ ሁሉም የሚያውቅ መሰለኝ። ልጅቷ ስለተሸኙት ልጆች ተናገረች፣ ስለባዶው ቤት፣ በስልክ ስለሚታየው የልጅ ልጅ። ያኔ ፍቅርተ ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለች።

«እትዬ ዘነበች፣ እጄን ይልቀቁት፣ አሳመሙኝ። አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እናቴን።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ማንያዘዋል የዚያን ዕለት ከሥራ ገብቶ ዕቃ አጠበ። አግብቶኝ ሳህን ነክቶ አያውቅም። ከዚያ የጎንደር ኔትዎርክ ጠፋ አለኝ። ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንላለን። ተረታችን ዕቃ ስለሚያጥብ ባል አያውቅም።

«ለምን ሳትናገሪ?»

«ብናገር ትመጣላችሁ። ብትመጡ እጮሃለሁ። ብጮህ ይሄኛውም ይወርድብኛል። ጠዋት እነሱ ሲወጡ ወለል ላይ እቀመጣለሁ፣ ሊገቡ ሲሉ እነሳለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ማን ጋ ልሂድ? ለሺረል እንዳትነግሯት፤ ስወልድ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አሁን ዝም ይበሉ፣ ትጨርስ።»

ሺረል ከአውሮፕላን ወረደች። ቤንጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች። እግሯን አነሳች፣ ሶሉን ለአዳራሹ አሳየች። «ልጄ፣ መጣሁ። እዩት፣ አፈር አልነካውም።» ከዚያ ቀስ አድርጋ ረገጠች።

ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ፍቅርተም ከሁሉ በላይ አጨበጨበች፣ ፊቷ ደረቅ ነው።

እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም። ለቅሶ ላይ የተቀመጠችን ሴት «ወገቤን ነው» አለችኝ ብዬ ትራስ አስደግፌያት ነበር የሄድኩት። ጥቁር ሻሿን እያየሁ ስለ ብርድ አሰብኩ። ወጉ የተሠራው ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። እኛ ወጉን ጠብቀን እሷን ብቻዋን አስቀመጥናት። ይህን ከኔ በላይ ማን ማወቅ ነበረበት? ዶሮው ፍሪጅ ውስጥ አለ። ማን ይበላዋል?

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ፣ ስግድ

ይህን የምጽፈው ፍቅርተ ቤት፣ ወለል ላይ ሆኜ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ በጠዋት በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጣ። ማንያዘዋል ሺረልን ይዞ ሄዷል። እኔ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ፤ ጋሼ አለምነው «አይዞሽ፣ ስለ አንቺም እንሰግዳለን» አሉኝ። ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ ንፍሮውን በምሳ ዕቃ አድርጌ መጣሁ። ንፍሮ ለቅሶ ቤት ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ ሰው ቢያየው ምን ይላል ብዬ ከላይ ብስኩት ከምሬበት ነበር። ይህን ሳሳያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ።

አልጮኸችም። አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ ፊቷ የነጠላዬ ጫፍ ውስጥ፣ እንደዚያው አለቀሰች። እኔም ያዝኳት፤ እማማ ልዕልትን አላውቃቸውም፣ ግን ጫማቸውን አውቃለሁ። እሱን እያሰብኩ አለቀስኩላቸው።

ቆይታ ፊቷን ጠረገች።

«ሺረል የጻፈችውን አንብባልኛለች። አባትዎን ማን አረዳዎት?»

«ማንም። ቀድሜ ሰምቼ ነበር።»

«እንግዲያ እርምዎን አላወጡም።»

«ፍቅርተ፣ እኔ እኮ አርጅቻለሁ። ያ ስንት ዘመኑ...»

አላስጨረሰችኝም። ያን ከባድ ሆዷን ይዛ ተንበርክካ ወደ እኔ ዞረች። ሁለት ትከሻዬን ያዘች፣ ልክ ሴቶቹ እናቴን እንደያዟት።

«እትዬ ዘነበች» አለችኝ፣ «አባትዎ ይፍሩ ሞተዋል።»

እንደ አዲስ ሰማሁት። ከወረፋው ወጣሁ፤ ጀሪካኑን ጣልኩት። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አባዬ ስል ይሰማኛል፣ የልጅ ድምፅ ነው። ያዘችኝ። ለረጅም ጊዜ ያዘችኝ።

ስልኬ ሲጮህ ገና አልበረደልኝም ነበር። ኤያል ነው። ማክሰኞ ስለቀረ ይቅርታ ሊለኝ።

«ኢማ? ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«እያለቀስኩ ነው።»

«ለምን? ማን ሞተ?»

ፍቅርተን አየኋት። እንዳልነግረው ራሷን ነቀነቀች።

«በስልክ አይነገርም» አልኩት። «ና።»

ከበስተጀርባው የቢሮ ሰዎች ይነጋገራሉ። ቀጥሎ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

«አኽሻቭ» አለኝ። «አሁን እየወጣሁ ነው። ባቡር ይዤ እመጣለሁ፣ እዚያው ጠብቂኝ።»

እየጠበቅነው ነው። ፍቅርተ ከንፍሮው ላይ ለሱ በሳህን ቀንሳ አስቀምጣለታለች።